መኪናው የሚቆምበት ቦታ

የተከበራችሁ፣ በየወረዳው የአፈርና የክትባት መረጃ የምትሰበስቡ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጎህ ሳይቀድ ተሳፍራችሁ ከሩቅ ወረዳ የመጣችሁ ደግሞ ድካማችሁን ያቅልላችሁ። ከፊት ወንበር አለ፤ በር ላይ አትቁሙ።

ረጅም ንግግር አልወድም። በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአፈር ናሙና ልወስድ ወደ አንድ ቀበሌ ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው መኪናውን አላሳልፍ አለ። ሾፌሩ ቆመ። እኔም ወረድኩና አጠገባችን ያለውን ማሳ መቆፈር ያዝኩ። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ያዩኛል። ፌስታሉን አስሬ ስጨርስ፣ «ልጄ፣ እዚህ እኮ በረት ነበር» አሉኝ። «ስንት ዓመት ከብት አድሮበታል። የደከመው መሬቴ ከዚያ ጉብታ ጀርባ ነው።»

አስቡት፤ ያ አፈር ላቦራቶሪ ቢገባ ፎስፈረሱ ተትረፍርፎ ይገኝ ነበር። ቀበሌውም ለም ተብሎ ይጻፍ ነበር። ፌስታሉን ደፍቼ ጉብታውን ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እያጉረመረምኩ ነው የወጣሁት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግማሻችን የአፈር፣ ግማሻችን የክትባት ሰዎች ነን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። የሚያገናኛቸው መኪናው የሚቆምበት ቦታ ነው። የመንገድ ዳሩ ማሳ ማዳበሪያ ቶሎ ይደርሰዋል፤ የመንገድ ዳሩ ሕፃን ክትባት ቶሎ ይደርሰዋል። እኛም ቀድመን የምንደርሰው እዚያው ነው። ከዚያ ተመልሰን ስለ ወረዳው እንጽፋለን።

የአፈሩን ደንብ ታውቁታላችሁ። ማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መውሰድ፤ ደባልቆ አንድ ኪሎ ያህል ማስቀረት። ከድንበር፣ ከዛፍ ሥር፣ ፍግ ከተከመረበት መራቅ። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ የቆርቆሮው ዚንክ ናሙናውን ያበላሻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን 20ው ቦታ 5 ይሆናል። እዚህ ጋ የሳቃችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ለየትኛውም መሬት ዳፕና ዩሪያ የተባሉት ማዳበሪያዎች ሲታደሉ ኖረዋል። ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ እንደሚጎድል በሰፊው ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር ካርታ ሥራ ነው። ሰልፈር ያለበት ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ የመጣው በዚህ የተነሣ ነው። የአፈሩ አሲድነትም አለ። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ያልገባበት መሬት ማዳበሪያ ቢበተንበትም ፎስፈረሱን አፈሩ ራሱ ጨብጦ ይይዘዋል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬ መሬቱ እህል እምቢ ሲለው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ ከሰል ወደ መሸጥ ገብቷል።

ወደ ሕፃናቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 39 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15። 39 የሚባለው ቁጥር ታዲያ የማን ቤት ነው? የወረዳ ሪፖርት ደግሞ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ይመጣል። ሰው ስለዋሸ ብቻ አይደለም፤ የሕፃናቱ ብዛት የሚገመተው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነሥቶ ነው። አካፋዩ አርጅቷል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የልጇን የክትባት ካርድ ከጣራው ሣር መሀል መዝዛ አወጣችልኝ። ጭስ አጥቁሮታል። አይጥ ጥጉን በልታዋለች፤ የተበላው ደግሞ በ14 ሳምንት የሚሰጠው ሦስተኛው ፔንታ፣ የአምስት በሽታው ክትባት፣ የሚጻፍበት ነው። «ስንት ጊዜ ተወጋ?» አልኳት። ጣቷን ስትቆጥር ቆየችና፣ «ሁለቴ ይሁን ሦስቴ እንጃ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ወልዳ ፈቃድ የወጣች ጊዜ ነው» አለችኝ። በዘመቻ ቤት ለቤት የመጣውንም የፖሊዮ ጠብታ አብራ ቆጥራው ነበር። ጤና ኬላው በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ሄደን መዝገቡን አየን። ሁለተኛው ተጽፏል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። በግምት «ሦስት» ብለን ብንሞላ ማን ያውቅብን ነበር?

ዘንድሮ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በቅጻችን ላይ አንዲት መስመር እንጨምር፦ ማሳው ወይም ቤቱ ከመኪና መንገድ በእግር ስንት ደቂቃ ይርቃል? ቅጹ በዛ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ማንም የማያነበውን ሦስተኛውን ገጽ አውጥተን ይህን እናስገባ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። የውሎ አበሉም ጉዳይ አጀንዳ ላይ አለ፤ ከጉብታው ማዶ ለማደር ብር ያስፈልጋል፣ ገንዘብ ያዣችን ተዘጋጅተውበታል።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያዋ ጽሑፍ አቅራቢ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።