ጭላዳን በሲሚንቶ አትሥሩብኝ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የደሴ ወገኖቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተጠራሁት በስደት ስለያዝኩት የድንጋይ ቅርጽ ሙያ እንድናገር ነው። ስለ ሙያዬ ሳወራ ግን ከአንድ እንስሳ ማለፍ አልችልም፤ ከጭላዳ ዝንጀሮ።

ጣሊያን አገር ካራራ፣ ከእብነ በረዱ ተራራ ሥር ድንጋይ ጠራቢ ሆኜ ስቀጠር፣ በእረፍት ሰዓቴ የጠረብኩት ወንድ ጭላዳ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ከብበው ክራንቻውን አዩና ‹‹ይህማ ሥጋ በል ነው›› አሉ። ሣር በል ነው ብል ማን ይመነኝ! መሬት ላይ ተቀምጬ አሳየኋቸው፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ፣ ሳይነሣ ሜዳውን እንዴት እንደሚያዳርስ። በወሎ ደጋ ከብት ጠብቆ ያደገ ልጅ ይህን ከማንም አይማርም። ክብደቱ በሙሉ ታች ያርፋል፤ ቀጭን እግር የለ፣ የሚሰበር ቀንድ የለ፤ ለድንጋይ የተፈጠረ እንስሳ ነው። እብነ በረዱ ግን ነጭ ነው። ለምድ የመሰለው ጎፈሩም፣ የደረቱ ቀይ ቆዳም ነጭ ሆነው ቀሩ። ጭላዳ የሚፈልገው የእኛን ጥቁር ድንጋይ ነው!

ያን ድንጋይ እዚህ ማን ይጠርበዋል? የኮብልስቶን ልጆች ናቸዋ! መዶሻና መሮ ይዘው ፀሐይ ላይ የሚውሉት። አደባባይ ላይ እንስሳ ይቁም በተባለ ጊዜ ግን የጠራቸው የለም። ሽቦ ታጠፈ፣ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ ወርቃማ ቀለም ተቀባ፣ አንበሳ ነው ተባልን። ክረምት ሲመጣ ቀለሙ ተላጠ፣ ጆሮው ተሸረፈ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት በተፈለፈሉበት ወሎ!

አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ ፖላንድ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ ሰው ነበር። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት የተሠራው ያ አንበሳ ዛሬም ቆሟል። ባዕድ አንበሳችንን በድንጋይ ሲያከብር እኛ ጭላዳችንን በሲሚንቶ እናዋርደው?

ቀይ ቀበሮም አለ። በዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ 500 ገደማ ናቸው፤ ጥቂቶቹ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ይኖራሉ። መኪና ይመደብና የኮብልስቶን ልጆቹ ሄደው ይዩት፤ ያላዩትን እንዴት ይጠርባሉ?

ለሚቀጥለው አደባባይ ከድንጋይ ካባው አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ይምጣ። መሮውን እኔ አመጣለሁ፤ አሠራሩንም ያለ ክፍያ አሳያለሁ። ልጆቹ ግን የሚከፈላቸው እንደ ሙያተኛ ይሁን እንጂ እንደ ቀን ሠራተኛ አይሁን። የሲሚንቶው ሥራም ይቁም።

አመሰግናለሁ።