መቶ ተሠርተው ሁለት የቀሩት፦ የፈርጉሰን ጠመንጃና ቆጣሪዎቹ

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዮኒ፣ ዛሬ ስለ ጠመንጃ እናወራለን ብለኸኝ ነበር። ጠረጴዛህ ላይ የማየው ግን ቁጥር ብቻ ነው።

ዮናስ፦ ስለ ጠመንጃ ነው፣ ግን ስለ መተኮስ አይደለም። ስለ መቁጠር ነው። ጥንታዊ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ጥያቄ አለ። «ይሄ ስንት ተሠራ?» የሚል።

ሜሮን፦ ለዋጋው ብለው ነው?

ዮናስ፦ ዋጋውም አለበት፣ አልክድም። ብርቅ ነገር ውድ ነው። ግን ቁጥሩ ከሌለ ታሪኩም አይቆምም። አንድ መሣሪያ ጦርነት ውስጥ ነበር ሲባል፣ መቶ ሰው ነው የያዘው ወይስ መቶ ሺህ? መልሱ ታሪኩን እንዳለ ይገለብጠዋል። ለዛሬ የመረጥኩት የፈርጉሰንን ጠመንጃ ነው። ቀድሜ ልናገር፣ የምንጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሮን፦ እሺ፣ ፈርጉሰን ማነው?

ዮናስ፦ ፓትሪክ ፈርጉሰን። በ1744 የተወለደ ስኮትላንዳዊ፣ የእንግሊዝ ጦር ሻምበል። በዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፉ ነው። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሺያለሽ፣ እርሳሱን ትከቺያለሽ፣ በረጅም ዘንግ ትጠቀጥቂያለሽ። ለዚህ ሁሉ ቆመሽ ነው። አፈሙዙ ውስጡ ጠምዛዛ ቦይ ካለው ደግሞ ይባስ ይዘገያል፣ ምክንያቱም እርሳሱ ቦዩን ነክሶ በግድ ነው የሚገባው። ዒላማ ግን አይስትም። ፈርጉሰን ያንን ዒላማ የማይስት ጠመንጃ በኋላው እንዲጎርስ አደረገው።

ሜሮን፦ እንዴት አድርጎ?

ዮናስ፦ ምላጩን ከሥር የሚከልለውን ብረት ታውቂዋለሽ? እሱን መዘውር አደረገው። ብረቱ ከወፍራም ብሎን ጋር ተያይዟል። አንድ ጊዜ ዙሪያውን ስታዞሪው ብሎኑ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ቀዳዳ ይከፈታል። እርሳሱን ትጥያለሽ፣ ባሩዱን ትጨምሪያለሽ፣ መልሰሽ ታዞሪያለሽ። ተኝተሽም ይሆናል። ሐሳቡ ከባዶ የመነጨ አይደለም። ኢሳክ ዴ ላ ሾሜት የሚባል ፈረንሳዊ ቀደም ብሎ በብሎን የሚከፈት ጠመንጃ ሠርቶ ነበር። ፈርጉሰን አሻሻለው፣ በታኅሣሥ 1776 የፈጠራ መብት አገኘበት።

ሜሮን፦ ጦሩስ አመነው?

ዮናስ፦ እዚህ ጋ ያለው ታሪክ በጣም ደስ ይለኛል። ሰኔ 1 ቀን 1776፣ ለንደን አጠገብ ዉልዊች የሚባል ቦታ። ሹማምንቱ ቆመው ያያሉ። ቀኑ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ነው። ባሩዱን በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ ለሚያቀጣጥል ጠመንጃ ከዚህ የከፋ ቀን የለም፣ ባሩዱ ከራሰ አለቀ። ሰውየው 200 ያርድ ላይ ላለ ዒላማ በደቂቃ አራት ጊዜ ለአራትና አምስት ደቂቃ ያህል ተኮሰ። ከዚያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት። ከዚያ ወደ ፊት እየተራመደ በደቂቃ አራት። መጨረሻ ላይ ጠመንጃው ውስጥ ውኃ አፈሰሰበት፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ተኮሰ። በዚያ ሁሉ ተኩስ ዒላማውን የሳተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ተባለለት።

ሜሮን፦ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው መቶ ብቻ አሠሩ?

ዮናስ፦ መቶ! ሥራው በርሚንግሃም ውስጥ ለአራት ጠመንጃ ሠሪዎች ተከፋፈለ። የአንዱ ዋጋ 4 ፓውንድ ነበር። ከተራው የእግረኛ ጠመንጃ በጣም ይወደዳል። ያ ብሎን ደግሞ በእጅ የሚቀረጽ ነው። ጥርሱ ከቀዳዳው ጋር ልክ ካልገጠመ እሳቱ በኋላ በኩል ተኳሹ ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ አንስቶ የሚሠራው ነገር አይደለም።

ሜሮን፦ ቆይ፣ መቶ መሆኑ በምን ታወቀ? አንተ ራስህ ቁጥር አትመኑ ስትል ነው የማውቅህ።

ዮናስ፦ የዛሬው ጉዳያችንም እሱ ነው። የእንግሊዝን ጦር መሣሪያ ያስገዛ የነበረው የኦርድናንስ ቦርድ ነው። ለማን ምን ያህል እንደከፈለ መዝግቦ ያስቀምጥ ነበር። መዝገቦቹ ዛሬ ለንደን ውስጥ ኪው የሚባል ቦታ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ አሉ። ስለ አንድ ጠመንጃ ወሬ የሚያወራ ሰው ያጋንናል። ሒሳብ ከፋይ ግን አያጋንንም። ላልተሠራ ጠመንጃ 4 ፓውንድ የሚከፍል የለም። ለዚህ ነው ጎበዝ ሰብሳቢ ከጀብዱ መጽሐፍ በፊት የክፍያ መዝገብ የሚከፍተው።

ሜሮን፦ ሌላ ማስረጃስ?

ዮናስ፦ ጠመንጃውን የያዙት ሰዎች ቁጥር። በ1777 ፈርጉሰን መቶ ገደማ ሰው ያለበት ልዩ ጓድ ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት ወደሚዋጉበት። የሰውና የጠመንጃ ቁጥር ይገጥማል። መስከረም 11 ቀን 1777 ብራንዲዋይን ላይ ተዋጉ። እዚያ ፈርጉሰን ቀኝ ክርኑን ተመታ፣ እጁ ከዚያ በኋላ አልሠራለትም። ጓዱ ተበተነ፣ ጠመንጃዎቹ ወደ መጋዘን ገቡ። ሰውየው በግራ እጁ መጻፍና ሰይፍ መያዝ ተለማመደ፣ ተመልሶም አዘዘ። በ1780 ጥቅምት 7 ኪንግስ ማውንቴን ላይ ተገደለ። 36 ዓመቱ ነበር።

ሜሮን፦ ያሳዝናል። ጠመንጃዎቹስ?

ዮናስ፦ ከመቶዎቹ ውስጥ የመንግሥት ትእዛዝ መሆናቸው ተረጋግጦ ሁልጊዜ የሚጠቀሱት ሁለት ናቸው። አንዱ ኒው ጀርሲ፣ ሞሪስታውን ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ። ሌላው ሚልዋኪ ሙዚየም። እዚህ ላይ አድማጭ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ «ስንት ተሠራ» እና «ስንት ቀረ» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጀማሪ ሰብሳቢ ይደባልቃቸዋል። ሁለት ስለቀረ ጥቂት ተሠራ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሺህ ተሠርቶ ይቀልጣል፣ አንዳንዱ መቶ ተሠርቶ ሰማንያው ሣጥን ውስጥ ይተርፋል።

ሜሮን፦ ግን ፈርጉሰን ተብለው የሚሸጡ ሌሎችም አይቻለሁ።

ዮናስ፦ አሉ እኮ! ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው። ለግል ሰዎች፣ ለአደንና ለመኮንኖች የተሠሩ አሉ። ለንደን የነበረው ዱርስ ኤግ የሚባል ስመ ጥር ጠመንጃ ሠሪ ሠርቷል። ያማሩ ናቸው፣ ጥንታዊም ናቸው። ከመቶዎቹ ግን አይደሉም። ሁሉንም አንድ ላይ ደምሮ ቁጥር የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል።

ሜሮን፦ መዝገቡ ቢጠፋስ? ተቃጠለ እንበል።

ዮናስ፦ ያኔ ብረቱን ራሱን ትጠይቂያለሽ። በየጠመንጃው ላይ የተመታ ተራ ቁጥር ካለ፣ በሕይወት ያሉትን ቁጥሮች ትለቅሚያለሽ። ይሄ ነገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ጀርመን በወር ስንት ታንክ ትሠራለች ተብሎ ሲታሰብ፣ ለነሐሴ 1942 የስለላ ሰዎቹ 1550 አሉ። የሒሳብ ሰዎቹ በተማረኩ ታንኮች ላይ ያሉትን ቁጥሮች አይተው 327 አሉ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲከፈት 342 ሆኖ ተገኘ።

ሜሮን፦ ኧረ! እንዴት አወቁት?

ዮናስ፦ በጣም ቀላል ነው። አምስት ጠመንጃ አገኘሽ እንበል። ትልቁ ቁጥር 60 ነው። 60ን ለአምስት አካፍዪ፣ 12። በ60ው ላይ ጨምሪው፣ አንድ ቀንሺ። 71 ይመጣል። ያ ግምትሽ ነው። ሌላ ጠመንጃ በተገኘ ቁጥር ግምቱ እየጠራ ይሄዳል። ቁጥሩ ግን ከአንድ ጀምሮ ሳይዘል የሄደ መሆን አለበት። ፋብሪካው ከ5000 ጀምሮ ከሆነ ሒሳቡ ገደል ገባ።

ሜሮን፦ ታዲያ ሁለቱም ባሉበት ቦታ፣ መዝገቡም ቁጥሩም፣ ሥራው ያልቃል ማለት ነው?

ዮናስ፦ አያልቅም። የአሜሪካውን ጠመንጃ ሠሪ ኩባንያ ዊንቸስተርን እይ። የ1873ቱ ሞዴል ከ720,000 በላይ ተሠርቷል። በ1875 ኩባንያው በሙከራ አንደኛ የወጡትን አፈሙዞች መርጦ «ከሺህ አንዱ» የሚል ጽሑፍ ቀርጾባቸው በ100 ዶላር መሸጥ ጀመረ። መዝገቡ ዛሬ ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ያለው ሙዚየም ጋ ነው። ሰብሳቢ ቁጥሩን ልኮ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቃል። እንዲያም ሆኖ ከነዚህ ጠመንጃዎች የተሠሩትን አንዱ መጽሐፍ 133፣ ሌላው 136 ይላል። ሦስት ጠመንጃ ምን አላት አትበይ። አንዷ ብቻ የቤት ዋጋ ታወጣለች። አፈሙዝ ላይ የሐሰት ጽሑፍ የሚቀርጹ አሉ፣ የሚያጋልጣቸው መዝገቡ ነው።

ሜሮን፦ ወደ ፈርጉሰን መልሰኝ። እንግሊዞች ያን ሐሳብ ከዚያ በኋላ እንዲሁ ጣሉት?

ዮናስ፦ ለእግረኛ ጦራቸው በሙሉ በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ የሰጡት በ1866 ነው። ከዉልዊቹ ዝናብ 90 ዓመት በኋላ። ስሙን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሜሮን፦ እኔ?

ዮናስ፦ ስናድር።

ሜሮን፦ የኛው ስናድር? አያቴ ጋ የሰማሁት?

ዮናስ፦ አዎ፣ በሠሪው በስናይደር ስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጦርነት ላይ የተተኮሰውም እኛው አገር ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ሜዳ ላይ። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ይዘው ወረዱ። የናፒየር ወታደሮች ስናድር ይዘው ጠበቋቸው። ከኛ ወገን 700 ገደማ ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል የሞተው ሁለት ሰው ነው። ሳነበው ሁልጊዜ ያመኛል።

ሜሮን፦ ... ቃሉ ቋንቋችን ውስጥ የቀረው በዚያ መንገድ ነው ለካ።

ዮናስ፦ ጠመንጃዎቻችን ስማቸው ውስጥ መዝገብ አላቸው። ውጅግራ ስንል ፈረንሳዮቹ ፊዚ ግራ የሚሉት ነው። ምንሽር ማንሊከር ነው። አልቢን አልቢኒ ነው። ጠመንጃው ቢጠፋ እንኳ ሠሪው ማን እንደነበር ስሙ ይነግርሻል።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልጠይቅህና እንጨርስ። ነገ አንድ ሰው ከአሮጌ ጎተራ ጠመንጃ አውጥቶ «ሦስተኛው ፈርጉሰን ይኸው» ቢል፣ መጀመሪያ ምን ታያለህ?

ዮናስ፦ መጀመሪያ የንጉሡን ዘውድና የጂ አር ምልክት እፈልጋለሁ፣ የመንግሥት ዕቃ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ቀጥሎ ብሎኑን። በአንድ ዙር ይከፈታል ወይ? ከዚያ እንጨቱን አገላብጬ አያለሁ። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ ብሎኑና መቃጠያው በሚቀመጡበት ቦታ በጣም ተቦርቡሮ ቀጥኗል። የሞሪስታውኑ እዚያው ላይ ተሰብሮ በብረት ታስሯል። ሦስተኛው እዚያ ቦታ ላይ ስንጥቅ ካለበት ልቤ መምታት ይጀምራል።