ከመጎተታችሁ በፊት ጎማውን ፍቱ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የቅዳሜ ጠዋት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ ፍሬንና ጎማው በቀላሉ እንዲዞር ስለሚያደርገው ስለ ኩሽኔታ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ የገዙ ወዳጆቼ በየበጋው ሲጨምሩ አያለሁ። ልጆች ከስልክ ተላቀው ተራራና ሐይቅ ያያሉ። ቡናው ጫካ ውስጥ ይፈላል። ከዚህ የተሻለ ዕረፍት አላውቅም። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ካምፐር የገዛ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ኤሲው፣ ጣራው ስለማፍሰሱ ነው። ስለ ጎማው ውስጥ የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ስጠይቅ ደግሞ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ሞተር የለውም እኮ፣ ምኑ ይበላሻል?»

ዛሬ የመጣሁት ይህን አባባል ለመሞገት ነው። አዎ፣ ሞተር የለውም። ሁለት አክስል (ግራና ቀኝ ጎማ የሚይዝ ዘንግ) ያለው ካምፐር ግን አራት ፍሬንና ስምንት ኩሽኔታ አለው። አውራ ጎዳና ላይ ከመኪናችሁ እኩል ይሮጣል። መኪናችሁ ሲታመም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። የካምፐሩ ኩሽኔታ ሲግል ግን የሚነግራችሁ የለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጭስ ሲያይ ነው፤ ወይም ሌላ ሾፌር ጎን ለጎን መጥቶ በእጁ ሲያመለክተው። አንዳንዴ ደግሞ ጎማው ፍሬኑን ከሸፈነው ክብ ብረት፣ ከታምቡሩ ጋር ተነቅሎ ቀድሟችሁ ሲሄድ። ያ ጎማ የማንን መኪና እንደሚመታ ማንም አያውቅም።

ክብደቱን አስቡት። መካከለኛ ካምፐር ዕቃና ውኃ ሲጫንበት 6,000 ወይም 7,000 ፓውንድ ቢመዝን አይገርምም። ሦስት ቶን ማለት ነው። ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ የሚያስገድዱት ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን ያንን ሦስት ቶን ይዛችሁ በአይ-70 አውራ ጎዳና፣ ተራራው ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ቤት ስትመለሱ አስቡት። ዋሻው ከ11,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። በመካከሉ ያለው 60 ማይል ያህል ነው። ያንን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ለመያዝ ከሞከራችሁ ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ታምቡሩ ውስጥ ይቀራል። ታምቡሩ መሐል የተቀመጠውም ኩሽኔታው ነው። ፍሬንና ኩሽኔታን ለያይቼ የማልናገረው ለዚህ ነው። አንዱ ሲግል ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

አባይ በረሃን በጭነት መኪና የወረደ ሰው መካከላችን ካለ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ልምድ ያለው ሾፌር በከባድ ማርሽ ይይዛል እንጂ ፍሬን ላይ አይተኛም። እዚህም ያው ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። ፍሬን ስትይዙ ያዝ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፤ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት። ከዋሻው በዚያኛው በኩል፣ ወደ ሲልቨርቶርን በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ፍሬን ለከዳቸው የጭነት መኪናዎች የተሠራ የጠጠር መውጫ አለ። ስታልፉ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልግባ። የአብዛኛው ካምፐር ፍሬን በዘይትም በአየርም አይሠራም፤ በኤሌክትሪክ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ መኪናው ውስጥ ያለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ወደ ካምፐሩ ኤሌክትሪክ ይልካል። በየጎማው ውስጥ አንድ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪኩ ሲደርሰው ከሚዞረው ታምቡር ጋር ይጣበቃል። ታምቡሩ ማግኔቱን ጎትቶ ሊወስደው ሲል ማግኔቱ የተያያዘበት ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም የፍሬን ሸራዎቹን ከፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያፋትጋቸዋል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። በጣም ቀላልና ጥሩ ሥራ ነው።

ቀላል በመሆኑም መፈተሹ አያስቸግርም። የተለመደው የ10 ወይም የ12 ኢንች ፍሬን ማግኔት በ12 ቮልት 3 አምፔር ያህል ይስባል። አራት ጎማ ካለ 12 አምፔር ገደማ መምጣት አለበት። ለክታችሁ 9 ብቻ ካገኛችሁ አንዱ ጎማ አይሠራም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማግኔቱ ላይ አይደለም፤ ሽቦው ላይ ነው። በአክስሉ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ በየጉድጓዱ እየተንቀጠቀጠ ከብረቱ ጋር ተፋፍቆ ይላጣል። ወይም መገጣጠሚያው ዝጎ ነው። ሦስት ጎማ ብቻ የሚይዝ ካምፐር ደረቅ መንገድ ላይ ምንም አይመስላችሁም። ዝናብ ላይ ድንገት ስትይዙ ግን ወደ አንድ ጎን ይስባችኋል።

ታምቡሩ ሲወልቅ ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ ማግኔቱን። ፊቱ እኩል መበላት አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ክንዱ ተጣሟል ወይም ላልቷል። ውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል ብቅ ካለ ጊዜው አልፏል፤ ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ። ቀጥሎ ሸራውን። ውፍረቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ከደረሰ ይቀየራል። ሦስተኛ፣ ሸራው ላይ ግሪስ ካለ። ግሪስ የጠጣ ሸራ በምንም ማጽጃ አይድንም። በስፕሬይ አጥቦ የሚመልስ ሰው ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉት።

ሸራው እየተበላ ሲሄድ ከታምቡሩ ይርቃል፤ ስለዚህ ማቀራረብ ያስፈልጋል። የአክስሉ አምራች መመሪያ በየ3,000 ማይሉ ይላል። ጎማውን በክሪክ አንሱ። ከኋላው በታች በኩል ያለችውን ቀዳዳ ክዳን አውጡና ውስጥ ያለውን ባለ ጥርስ ማስተካከያ አዙሩ። ጎማው በእጅ ለመዞር እስኪያስቸግር ድረስ አጥብቁት። ከዚያ በነፃ እስኪዞርና ትንሽ ፍትጊያ ብቻ እስኪሰማ ድረስ መልሱ። አዳዲሶቹ ላይ ራሱን የሚያስተካክል ፍሬን ሊኖር ይችላል፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ኩሽኔታው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በጣም የሚዘነጋው እሱን ስለሆነ።

በካምፐር ጎማ ውስጥ ያለው ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ነው። የባለቤትነት መብቱን በ1898 ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን ነበር። ሴንት ሉዊስ ውስጥ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ የሚሠራ ሰው ነው። ሠረገላ ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እንደሚገፋ ያውቅ ነበር። ሮለሩን ሾጣጣ ሲያደርገው ሁለቱንም ቻለ። ከ120 ዓመት በላይ አልፎም እኛ ዛሬ የምንጎትተው በዚያው ሐሳብ ላይ ነው። ሞተር ለሌለው ተሽከርካሪ የተፈጠረ ዕቃ መሆኑን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

ይህ ዕቃ በደንብ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። የሚገድሉት ነገሮች ውኃ፣ ያረጀ ግሪስ፣ ሙቀትና ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ ከልክ በላይ ማጥበቅ ናቸው። «እኛ እኮ ብዙ አንሄድም» የምትሉ አላችሁ። ያ አያድናችሁም። ካምፐሩ ክረምቱን በሙሉ በረዶ ላይ ሲቆም ውስጡ እርጥበት ይገባል። ሮለሮቹ በአንድ ቦታ ተጭነው ሲቆዩ እዚያው ላይ ዝገት ይይዛል። ብዙ ካምፐሮች ሥር የሚገኘው የዴክስተር አክስል መመሪያ «በየ12,000 ማይሉ ወይም በየ12 ወሩ» ይላል፤ ቀድሞ የመጣው ማለቱ ነው። ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣው ዓመቱ ነው።

ይህ እጄ ላይ ያለው ያገለገለ ኩሽኔታ ነው፤ ኋላ ተቀባብላችሁ እዩት። ሮለሮቹን ወደ ብርሃን አዙሩ። ጤነኛ ቢሆን ወጥ የሆነ የብረት መልክ ይኖረው ነበር። እዚህ ጋ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም ይታያችኋል? ያ ቃጠሎ ነው። ይሄኛው ጎን ላይ ደግሞ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት ይይዛችኋል። ከሁለቱ አንዱ ከታየ ኩሽኔታው ይጣላል። ታምቡሩ ውስጥ የተመታውም የውጭ ቀለበት አብሮ ይቀየራል። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ደህና ከሆነ አሮጌውን ግሪስ አንድም ሳይቀር እጠቡት፤ በደንብ ይድረቅ። በአየር ስታደርቁ ግን ኩሽኔታውን አታሽከርክሩት፤ ያለ ግሪስ በኃይል ሲሽከረከር ይጎዳል። ከዚያ መዳፋችሁ ላይ ግሪስ አድርጉና የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ ግሪሱ ላይ እየጫናችሁ ሳቡት። ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላኛው በኩል ብቅ ሲል ዞር አድርጋችሁ ቀጥሉ። ከላይ መቀባት ዋጋ የለውም፤ ውስጡ መሞላት አለበት። ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቁጥር 2 ግሪስ ግዙ፤ የተለያየ ዓይነት አትደባልቁ። ከኋላ ያለውን፣ ግሪሱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ኦይልሲል ሁልጊዜ በአዲስ ቀይሩት፤ ርካሽ ነው።

ዳዶውን ስታጠብቁ መቆጠብ ያስፈልጋል። ታምቡሩን በእጅ እያዞራችሁ ዳዶውን ወደ 50 ፉት-ፓውንድ (በቶርክ ቁልፍ የሚለካ የማጥበቂያ ኃይል) አጥብቁት፤ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ ነው። ከዚያ ታምቡሩን ሳታዞሩ አላሉት። ቀጥሎ በጣት ብቻ እስኪነካ ድረስ አጥብቁና ቆልፉት። ለማጥበቅ መፍቻ አያስፈልግም፤ በጣት! የጥብቅነት ልማድ ያለው ሰው እዚህ ጋ እጁ ይበላዋል፤ ግን በኃይል የጠበቀ ኩሽኔታ ራሱን ያቃጥላል።

አክስላችሁ ጫፍ ላይ የግሪስ መርጫ አፍንጫ ካለው «ፓምፕ አድርጌ እጨርሳለሁ» ትሉ ይሆናል። እኔ ይህን መንገድ አልወደውም። ጎማውን እያዞሩ፣ በእጅ ፓምፕ፣ ቀስ ብለው ካልሠሩት ግሪሱ ኦይልሲሉን አልፎ ሸራው ላይ ይፈሳል። ደግሞም ኩሽኔታውን ሳታዩት ነው የምትዘጉት። በመካከሉ ቢጠቀሙበት ክፋት የለውም፤ ዓመታዊውን መፍታት ግን አይተካም።

ከመነሳታችሁ በፊት የድንገተኛ ፍሬኑን ሞክሩ። ካምፐሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ፒኑ ተስቦ በካምፐሩ ባትሪ ፍሬኑን የሚያስይዘው ነው። ዋናውን የኤሌክትሪክ ሶኬት ንቀሉ፣ ፒኑን አውጡ፣ ጎማዎቹ ይዘው እንደሆነ ወደፊት ትንሽ ጎትታችሁ እዩ፣ ወዲያው መልሱት። ባትሪው የሞተ ከሆነ ያ ፒን ጌጥ ነው። ገመዱም በራሱ መኪናው ላይ ይታሰር፤ ከሰንሰለቱ ጋር አትጠምጥሙት።

ጎማ ከተፈታ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል ላይ እንደገና በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ባዶ ቦታ ላይ በሰዓት 20 ወይም 25 ማይል እየነዳችሁ የፍሬን መቆጣጠሪያውን ልኩን አስተካክሉ፤ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ያለው ነጥብ ትክክለኛው ነው። ካምፐሩ መንገድ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፤ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ብቻ ተጠቀሙና ካምፐሩ ወደ ኋላ ይጎትት።

ነዳጅ ለመቅዳት በቆማችሁ ቁጥር ደግሞ አንድ ዙር ዙሩ። እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጉ፤ ወይም የሙቀት መለኪያ ጠመንጃ ግዙ። ቁጥሩ ራሱ ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ አራቱን አወዳድሩ። ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ ከበለጠ ያ ጎማ ችግር አለበት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከቀዘቀዘም ፍሬኑ አልያዘም ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ፓርኪንጉ ላይ አንድ ካምፐር በክሪክ ተነስቶ ይጠብቀናል፤ ጓንትም ለሁላችሁ አለ። አንዱን ጎማ እኔ እፈታለሁ፤ ሌላውን እናንተ ትፈታላችሁ።