«ይሁና» የሚል ባጅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከዩኒፎርማችሁ አያለሁ። ደክሟችሁም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እዚህ አትላንታ ኤርፖርት የምንሠራ ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። ሻንጣ የሚጭን አለ፣ ዊልቸር የሚገፋ አለ፣ ካቢን የሚያጸዳ አለ። አሁን አሁን ደግሞ ከመካከላችን ሱፐርቫይዘር የሆኑም አሉ። ዛሬ የምናገረው በተለይ ለእነሱ ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

በቅርቡ ልጄን ይዤ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው የዴልታ አየር መንገድ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ሃንጋሩ ውስጥ አንድ ቦይንግ 767 ቆሟል። ስሙ «የዴልታ መንፈስ» ይባላል። ይህን አውሮፕላን ለኩባንያው የገዙለት ሠራተኞቹ ናቸው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1982 ነው። ኢኮኖሚው ተቀዛቅዟል። የአየር መንገዶች ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ፉክክሩ ጦፏል። ዴልታ ራሱ ኪሳራ ውስጥ እየገባ ነበር። ያም ሆኖ ሠራተኛ አልበተነም። እንዲያውም ደሞዝ ጨመረ። ይህን ያዩ ሦስት የበረራ አስተናጋጆች ውለታውን በአውሮፕላን እንመልስ ብለው ተነሱ። ሠራተኛው ከደሞዙ እያስቆረጠ 30 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ቃል ገባ። የኩባንያው የመጀመሪያ 767 በዚያ ገንዘብ መጣ። እስከ 2006 ድረስም በረረ።

እኛ መዋጮ እናውቃለን። ለእድር እናዋጣለን፣ ለታመመ፣ ሐዘን ለደረሰበት እናዋጣለን። ለቀጣሪው አውሮፕላን ያዋጣ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። እዚያ ክንፉ ስር ቆሜ እንባዬ መጣ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። አሥራ ሁለት ዓመት ወደፊት እንሂድ። ዴልታ በ1991 ፓን አም የተባለውን አየር መንገድ የአውሮፓ መስመሮች ገዝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኪሳራው ተከመረ። በ1994 አንድ መቀመጫ አንድ ማይል የሚበርበትን ወጪ ወደ 7.5 ሳንቲም ለማውረድ ዕቅድ ወጣ። እስከ 15,000 የሚደርስ የሥራ ቦታ እንደሚቀነስ ተነገረ። አውሮፕላን ገዝተው የሰጡ እጆችም ከሥጋቱ አላመለጡም። የጽዳት ሥራው ለውጭ ኮንትራክተር ተሰጠ። አውሮፕላኖቹ ቆሸሹ፣ በረራው ዘገየ፣ ተሳፋሪው አማረረ።

የኩባንያው መሪ ሮናልድ አለን ስለ ሠራተኛው ሞራል ሲጠየቁ፣ መጎዳቱን አልካዱም። ግን «ይሁና» አሉ። ሠራተኞቹ ያችን ቃል ባጅ ላይ አሳትመው ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ፓይለቱም፣ አስተናጋጇም፣ መካኒኩም «ይሁና» የሚል ባጅ አድርገው ሥራ ገቡ። ሮናልድ አለን በ1997 ከኃላፊነታቸው ለቀቁ።

ልብ በሉ፣ ኪሳራው እውነት ነበር። መቀነስ አያስፈልግም ነበር አልልም። ሰው የገንዘብ ችግር ይገባዋል፤ እኛ ሐበሾችማ ችግርን እናውቀዋለን። ሠራተኛውን ያሳመመው መሪው ሕመሙን ዓይተው ምንም እንዳልሆነ ማለፋቸው ነው።

ይህን ስል ከራሴ ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት ሻንጣ ጫኝ ነበርኩ። የክረምት ሌሊት ነው፤ ጓንቶቻችን ተቀዳደዋል። አለቃችንን ሌላ ጓንት ጠየቅነው። ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ያልተመቸው በሩ ክፍት ነው» አለን። ማንም አልሄደም፤ ሁላችንም የቤት ኪራይ አለብን። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታዘዝነው በላይ አንዲት ነገር አልሠራንም። ከጋሪ የወደቀ ሻንጣ ስናይ የእኛ በረራ ካልሆነ አልፈነው ሄድን። እኔም አልፌያለሁ። የሰው ንብረት፣ ምናልባትም የአንዲት እናት የመድኃኒት ሻንጣ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የሠራተኛ ማኅበር ሲባል የሚደነግጡ ሱፐርቫይዘሮችም አሉን። አትደንግጡ። እዚህ አገር የአየር መንገድ ሠራተኛ ድርድር የሚመራበት ሕግ በ1926 ለባቡር ሠራተኞች የወጣ ነው፤ በ1936 አየር መንገዶችን ጨመረ። በዚህ ሕግ የድሮው ውል ቀኑ ቢያልፍም አዲስ እስኪፈረም ይቀጥላል። ስለዚህ ድርድሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። እነዚያን ዓመታት ሠራተኛው የሚኖረው ከእናንተ ጋር ነው። ከፍተኛ አለቆቹን በወር አንዴም ላያያቸው ይችላል። እናንተን ግን በየቀኑ ያያል። ኩባንያው ለእሱ እናንተ ናችሁ።

እኔ የጀመርኩት ትንሽ ነገር አለ። ሺፍት ከመጀመሩ አሥር ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ። የሺፍት ለውጥ ካለ ግድግዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት ለልጆቹ በአፌ እነግራለሁ፤ ምክንያቱንም እናገራለሁ። የጠየቁኝን ነገር ማስፈጸም ካልቻልኩ፣ ማንን እንደጠየቅኩና ምን እንደተባልኩ ተመልሼ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ ይቆጣሉ። ይቆጡ፣ መብታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ልጅ ሥራው ካለቀ በኋላ ቆይቶ፣ የሌላ ቡድን የተበተነ ጋሪ ሲያቃና አየሁት። ማንም አላዘዘውም።

እንግዲህ ሱፐርቫይዘር የሆናችሁ ነገ ስትገቡ ይህቺን አሥር ደቂቃ ሞክሯት። በሚቀጥለው ወር እዚሁ ተገናኝተን የሆነውን እንነጋገር። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ሌሊት የምትገቡ ቅድሚያ አላችሁ።