የመቶ ዓመቱ መንቀጥቀጥ ቀጠሮ የለውም

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ አዲስ ተመራቂዎችም፤ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስታቲስቲክስ እንድናገር ነው። ቀመሩን ታውቁታላችሁ። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል።

በ2017 የፈንታሌ አካባቢ ሲናጥ አዲስ አበባ ላይ በሌሊት ከኮንዶሚኒየም በነጠላ ጫማ ያልወረደ አለ? በዚያው ሰሞን አንድ ሳይት ላይ ተሰብስበናል። ፎርማኑ ፕላኑን ዘርግቶ «ኮለኑ ግርጌ ስታፋው በየ10 ሳንቲ ሜትር ነው» ይላል፤ ስታፋ የኮለኑን ቋሚ ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ነው። ባለቤቱ ፌሮ ተወዶባቸዋል። «በ20 ይታሰር» አሉ። ለምን? «የሰሜን ሸዋውን ካራ ቆሬ የመታው፣ ማጀቴን ያፈረሰው በ1953 ነው። በመቶ ዓመት አንዴ ነው ስትሉ አልነበር? ታዲያ እስከ 2053 ምን አስቸኮለን!» ተሳቀ። ሻይ መጣ። መሐንዲሱም «ልክ ነዎት ጋሼ» አለ። ስታፋው በ20 ታሰረ።

በባለቤቱ አልፈርድም። ነጋዴ ናቸው። «ልክ ነዎት» ያለው ግን ዲግሪ አለው! ማኅተም አለው! ያ ማኅተም ለምን ተሰጠው?

እስቲ እናስላው። ኮዱ፣ ማለትም የሕንፃ ደንባችን፣ በቆመበት ስሌት መሬት ትዝታ የላትም። በ1953 መምጣቱ የዛሬውን ዕድል አይቀንሰውም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ነገር በ50 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 39 በመቶ ግድም ነው። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ኮዳችን ሕንፃ እንዲቋቋመው የያዘው ይህንኑ የመቶ ዓመት መንቀጥቀጥ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ በ475 ዓመት አንዴ ወደሚመጣው ከፍ አደረገው፤ በ50 ዓመት ውስጥ ዕድሉ 10 በመቶ ሆነ። ዜሮ ግን አልሆነም።

ሌላው፣ መዝገባችን አጭር ነው። በ1835 አንኮበር፣ በ1898 ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ተናውጦ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ ካራ ቆሬ፣ አፋር ውስጥ ሰርዶ። የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ የጻፉት አባ ፒየር ጉዋን ባይለቅሙልን ይህንንም ባላወቅን። ከዚያ በፊት ያለውን ለማወቅ መንቀጥቀጥ መሬቱን የሰበረበትን ስንጥቅ አቋርጦ መቆፈር ነው። ከተሰበረው አፈር አንድ ከሰል፣ በላዩ ከተኛው ካልተሰበረው ሌላ ከሰል ይወሰዳል። ላብራቶሪው የእያንዳንዱን ዕድሜ ለክቶ «ከዚህ እስከዚህ ዓመት» ይላል። የታችኛው እንደሚቀድም ስለምናውቅ የቤይዝ ስሌት፣ አስቀድሞ የታወቀውን ከልኬቱ ጋር የሚያዋህደው የዕድል ስሌት፣ የማይሆነውን እየጣለ ዘመኑን ያጠበዋል። መንቀጥቀጡ በሁለቱ መሐል ነው።

ሪፖርት ስትጽፉ «ከ እስከ»ውን አትሰርዙት፣ ደንበኛ ቢቆጣም። የቁፋሮው በጀት ከሰዓት በኋላ ይቀርባል፤ ሻይ ላይ አትቅሩ። አመሰግናለሁ።