በሬው ሌሊት ተሰርቆ ጣቢያው ሦስት ሰዓት ከራቀ

ቅዳሜ ረፋድ አራት ኪሎ ካለው ስቱዲዮ ስለ ገጠር ጸጥታ ስልክ ተቀበልን። የደወሉት አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ጭንቀታቸው ግን አገር ቤት ነው፤ እናት፣ አባት፣ ታናሽ እህት እዚያ አሉ። በአየር ላይ ቸኩዬ የመለስኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

ከመርካቶ የደወለ ወንድም፦ «ሰሜን ሸዋ ያሉት አባቴ በአንድ ሌሊት ሁለት የእርሻ በሬ ተሰረቁ። ፖሊስ ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ነው። ምን ዋጋ አለው ብለው ተዉት።»

አባትህን አይዞዎት በልልኝ። ግን አይተዉት። ጣቢያው ቢርቅም ስልክ አለ፤ ልክ እንደታወቀ ለቀበሌው ፖሊስና ለሚሊሻው፣ ከዚያ ለአጎራባች ቀበሌዎች ይደወል። የተሰረቀ በሬ ወይ ቶሎ ይታረዳል፣ ወይ ራቅ ያለ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ የዙሪያውን የገበያ ቀን ቆጥሮ፣ በሬውን የሚለይ ሰው መግቢያው ላይ ማቆም ነው።

ሌላው ዱካ ነው። ዝናብ ባደረበት ጭቃ ላይ የሌባው ጫማ ከበሬው ኮቴ ጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ችግሩ ጎረቤት ሁሉ እየጮኸ ይመጣና ፖሊስ ሳይደርስ ያንኑ ዱካ ረጋግጦ ያጠፋዋል። ሳፋ ወይም ገበቴ ድፉበት። ማንም አይለፍበት።

«ቡሬ በሬ ነው» ማለት ደግሞ አይበቃም፤ ቡሬ በሬ ስንት አለ! ለበዓል ስትሄድ የቀሩትን ከብቶች አንተው በስልክህ ፎቶ አንሳላቸው፣ ቀንዱን፣ የጆሮውን ምልክት። ሲገዙ ገበያው ላይ የተሰጣቸው የኮቴ (የከብት ሽያጭ ቀረጥ) ደረሰኝም አይጣል፤ ባለቤትነት ሲያከራክር ያ ብጣሽ ወረቀት ይናገራል።

ሌባው እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ማንም ሰው እንዲይዘው ሕግ ይፈቅዳል፣ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ደብድቦ መግደል በሬውን አይመልስም። ቤተሰቡን የነፍስ ክስ ውስጥ ይከተዋል፣ ደም ያቃባል።

ከካዛንቺስ የደወለች እህት፦ «የአክስቴ ልጅ በ16 ዓመቷ ተጠለፈች። ሽማግሌዎቹ ካሳ ተቀበሉና ያግባት ይላሉ።»

ሽምግልናን አከብራለሁ። ድንበር ገፋኸኝ፣ ከብትህ እህሌን በላ ለሚለው ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። ጠለፋ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም! በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ተደፍራ ከሆነም በመድፈር ይጠየቃል። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ያንን ይዘው ይሆናል። ያ ቀርቷል። ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

አሁን ከሁሉ በፊት ጤና ተቋም ትድረስ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ በወረቀት ይጠቅለል እንጂ በፌስታል አይሁን፣ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋል። ፖሊሱ «ታረቁ» ብሎ ከመለሳችሁ ወደ ወረዳው ዐቃቤ ሕግ ሂዱ።

ከፒያሳ፦ «ወንድሜን ሚሊሻ ይዞ ቀበሌ ካሰረው አራት ቀኑ ነው።»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ካለፈ አካሉን ነፃ እንዲያወጣለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ዛሬውኑ ሂዱ።

ገጠር የምታስተምር መምህርት፦ «ሰው ሌባውን ያውቀዋል፣ ለፖሊስ ግን ትንፍሽ አይልም። ምን ይሻላል?»

መምህር፣ ይሄን እኔም አይቼዋለሁ። ፖሊስ ሆኜ ገጠር ስመደብ ሰው ሲያየኝ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ለቅሶ ደረስኩ፣ ገበያ ዋልኩ፣ የማን ልጅ ከተማ እንደገባ፣ የማን ላም እንደወለደች መጠየቅ ለመድኩ። ወራት ወሰደ። ከዚያ አንዲት እናት ምንጩ ጋ ውሃ እየቀዱ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ያ ልጅ ትናንት ሌሊት አልተኛም» አሉኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። የሳቸውን ስም ለአለቃዬም ለሚሊሻውም አልተናገርኩም። ስማቸው በማግስቱ ጠላ ቤት ቢሰማ ኖሮ በዚያ መንደር ሁለተኛ የሚናገረኝ አይኖርም ነበር። ለከባድ ወንጀል ጠቋሚና ምስክር ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። የቀበሌው ፖሊስ ስብሰባ ሲጠራ ግን መጀመሪያ ይሄን ጠይቁት፦ የነገርንህን ለማን ትናገራለህ?