የማኅበር መተዳደሪያ ደንብን ስለ መጻፍና ስለ መጠበቅ
(በደብረ ብርሃን ለማኅበራት መሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከጣርማበር፣ ከሸዋ ሮቢትና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጣችሁ የዕድር፣ የልማት ማኅበርና የበጎ አድራጎት ድርጅት መሪዎች፣

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የመተዳደሪያ ደንብ ነው። ብዙዎቻችን ደንብን የምናስታውሰው ለምዝገባ ስንቀርብ ብቻ ነው። ማመልከቻው፣ የመሥራቾቹ ቃለ ጉባኤና የመታወቂያ ቅጂው ሲዘጋጅ ደንቡም እንዳይጎድል ከሌላ ማኅበር ወስደን፣ ስሙን ቀይረን እናስገባለን። የምስክር ወረቀቱ ከተሰጠን በኋላ ያ ሰነድ በሊቀ መንበሩ ቤት ሣጥን ገብቶ ጠብ እስኪነሣ ድረስ አይታይም። ጠብ ሲነሣ ግን ሁሉም ወደ እርሱ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው ደግሞ የራሱን ማኅበር የማያውቅ፣ ለሌሎች ሰዎች የተጻፈ ደንብ ነው። ይህ ልማድ በመልካም ፈቃድ የተመሠረቱ ማኅበሮቻችንን እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ አገር ያለ ጽሑፍ በደንብ መተዳደር እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ አባቶች ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር ምድር ለብዙ ትውልድ የጠበቁት ሣሩ ለዓመታት የሚዘጋበትን፣ የሚከፈትበትንና ጥሶ የገባ ሰው የሚቀጣበትን ሥርዓት አውጥተው፣ አስፈጻሚም መርጠው ነበር። ያ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የዘለቀው ተጠቃሚው ሁሉ እዚያው የሚኖር፣ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ፣ ደንቡንም ከአባቱ እየሰማ ያደገ ስለ ነበረ ነው። የዛሬው ማኅበር ግን አባላቱ ከፊሎቹ እዚህ፣ ከፊሎቹ አዲስ አበባ፣ ከፊሎቹም ባሕር ማዶ ናቸው፤ ገንዘቡ በባንክ ነው፤ መሪዎቹም በየጊዜው ይለወጣሉ። በቃል የተያዘው ሁሉ ከሰዎቹ ጋር ስለሚሄድ የተስማማንበትን ነገር ጽፎ ማስቀመጥ ግድ ሆኖብናል።

ሕጉ ምን ይጠይቃል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ስለ ማኅበራት የሚናገሩት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌዎች ከአንቀጽ 404 ይጀምራሉ። ዛሬ የምንጠቅሰው ዋናው ሕግ ግን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ይህ የፌዴራል አዋጅ ከአንድ በላይ በሆኑ ክልሎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩ ድርጅቶችን ይመለከታል፤ ሥራው በአማራ ክልል ብቻ የሆነ ማኅበር በክልሉ ሕግ ይመራል። ዕድርና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ስብስቦች ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ይህ ማለት ግን ዕድር ደንብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። በአዋጁ መሠረት ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ ወሳኙም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ግን ጠቅላላ ጉባኤ የለውም፤ ሥልጣኑ ያለው በቦርዱ እጅ ነው። ስለዚህ የአንዱን ዓይነት ደንብ ለሌላው መገልበጥ ገና ከመሠረቱ ስሕተት ነው።

ከሁሉ በላይ እንድትመረምሩት የምለምናችሁ ስለ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ጉባኤ እንዲጸና መገኘት ስላለበት የአባላት ቁጥር፣ የተጻፈውን አንቀጽ ነው። አንድ የልማት ማኅበር 120 አባላት አሉት እንበል፤ ደንቡ ደግሞ ጉባኤ የሚጸናው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲገኝ ነው ይላል። ይህ ማለት 80 ሰው ካልተሰበሰበ ምርጫ የለም፣ በጀት የለም፣ የኦዲት ሪፖርትም አይጸድቅም። ግማሾቹ አባላት አዲስ አበባ በሚኖሩበት ማኅበር 80 ሰው በአንድ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተ ታውቃላችሁ። ጉባኤው አንድ ዓመት ይቀራል፣ በሁለተኛውም ይቀራል፤ የቦርዱ የሥራ ዘመን ያልፋል። ባንኩ አዲስ ፈራሚዎችን የሚቀበለው ሕጋዊ ቃለ ጉባኤ ሲቀርብለት ነው፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ከማይሰበሰብ ጉባኤ አይገኝም። ደንቡን እናሻሽል ቢባል እንኳ ማሻሻያው ራሱ ያንኑ 80 ሰው ይፈልጋል። ማኅበሩ ማንም ሳይበድለው፣ በራሱ ደንብ ታስሮ ይቀራል።

መፍትሔው አስቀድሞ የሚጻፍ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ከግማሽ በላይ፣ ያ ካልተሟላ ደግሞ ለምሳሌ ከ15 ቀን በኋላ በሚደረገው ሁለተኛ ጥሪ በተገኙት አባላት ጉባኤው ይጸናል ማለት ይቻላል፤ በቅድሚያ ግን የምትገዙበት ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ቁጥር ካለ አረጋግጡ። ጥሪው በምን መንገድ እንደሚተላለፍ፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገር፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚሳተፍ አባል ድምፁ ይቆጠር እንደ ሆነ፣ ውክልና ይፈቀድ እንደ ሆነና አንድ ሰው የስንት አባል ውክልና ሊይዝ እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ጉዳዮች ግን፣ ማለትም ደንብ ማሻሻልና ማኅበሩን ማፍረስ፣ በጥቂት ሰው ድምፅ እንዳይወሰኑ ከፍ ያለ ድምፅ ይጠየቅባቸው፤ ይህም ቢሆን ሊሟላ የሚችል ቁጥር ይሁን።

በደንቡ ውስጥ መግባት የሌለበትም አለ። የወር መዋጮን በብር ቁጥር ደንብ ውስጥ የጻፈ ዕድር ኑሮ በተወደደ ቁጥር ደንቡን ለማሻሻል ይገደዳል፤ ካልተመቸውም ደንቡን ጥሶ ይሰበስባል፣ አባላቱም ደንብ መጣስን ይለምዳሉ። መዋጮው በማን ውሳኔ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ በደንቡ ይጻፍ፤ የብሩ መጠን በውስጥ መመሪያ ይቀመጥ። አበልና የግዢ ጣሪያም እንዲሁ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ አንድ ሰው እንዳይሆኑ፣ ቼክ በጣምራ ፊርማ እንዲወጣ፣ የጥቅም ግጭት ያለበት የቦርድ አባል ጉዳዩን አስታውቆ ከውሳኔው እንዲወጣ የሚሉት መሠረታዊ ጥበቃዎች ግን በቀላሉ እንዳይነኩ ከደንቡ ውስጥ መሆን አለባቸው።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምንዘነጋው፣ ደንብን ወደ መጠበቁ ልምጣ። ሕግ ሲለወጥ ደንባችን ያረጃል። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 30 በመቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ አስተዳደራዊ የሚባለው ወጪም በአዲስ መልክ ተተረጎመ። የድሮው ድንጋጌ በደንቡ ውስጥ እንዳለ የቀረ ድርጅት ደንቡን እያከበረ ሕግን ሊጥስ ይችላል። ስለዚህ ቦርዱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጠቅላላ ጉባኤው ቀደም ብሎ፣ ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያነብብ የሚያስገድድ አንቀጽ ብታስገቡ መልካም ነው።

ማሻሻያ ሲደረግ አንዱን አንቀጽ ብቻ ነክቶ መሄድ አደገኛ ነው። የቦርዱ የሥራ ዘመን በአንድ አንቀጽ ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት ተለውጦ፣ ስለ ምርጫ በሚናገረው በሌላው አንቀጽ ሁለት ዓመት እንደ ሆነ ከቀረ፣ ለቀጣዩ ምርጫ ሁለት ወገኖች ሁለት ደንብ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ማሻሻያው ከጸደቀ በኋላ ጸሐፊው ሙሉውን ደንብ እንደገና አዘጋጅቶ፣ በየገጹ ማኅተም አስደርጎ፣ የጸደቀበትን ቀንና የቃለ ጉባኤውን ቁጥር ጽፎ፣ የቀድሞውንም ሳይጥል በመዝገብ ያስቀምጠው። ከዚያም ለመዘገበው መሥሪያ ቤት በጊዜው ይቅረብ።

የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ በዚህ ዞን ለሚኖር ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ ሁሉ የሰው ሕይወትና ቤት የጠፋበት እሳት መዝገብን እንደማይምር ያውቃል። አንድ ዋና ቅጂ በጽሕፈት ቤት፣ አንድ በሌላ ከተማ በሚኖር የታመነ አባል እጅ፣ አንድ ደግሞ በስካን ተነሥቶ በኢሜይል ይቀመጥ። እያንዳንዱ አዲስ አባልም ሲገባ የራሱን ቅጂ ይውሰድ፤ ደንቡን ያላየ አባል በደንቡ ሊጠየቅ አይገባም።

በመጨረሻ፣ ስንመሠርት ልንናገረው የምንፈራውን የመፍረስ አንቀጽ አትዝለሉት። ዕዳ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ንብረት ለአባላት እንዳይከፋፈልና ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት እንዲተላለፍ፣ ርክክቡንም ማን እንደሚፈጽመው ገና ሳንጣላ እንጻፈው። ድሀው ወገናችን ይረዳበት ብሎ ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ይህን እንድናደርግለት መጠበቁ ተገቢ ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይዛችሁ የመጣችሁትን ደንብ በየወረዳችሁ ተሰብስባችሁ፣ ከምልዓተ ጉባኤ አንቀጽ ጀምራችሁ እንድታነብቡ እጠይቃለሁ፤ እኔም በየቡድኑ እየተዘዋወርሁ አብሬያችሁ አያለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።